ግመል፣ ወፍጮና ጫት፦ የዐምደ ጽዮን ዘመቻ ከጅቡቲ ሲነበብ

ስለ መካከለኛው ዘመን በአማርኛ ስንጽፍ የያዘን አመል አለ። ንጉሡ ክርስቲያን፣ ባላንጣው ሙስሊም ከሆነ ጦርነቱን «የእኛ የመስቀል ጦርነት» ብለን እናልፈዋለን። በዚህ አመል እጅግ የተጎዳው የዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ዘመቻ ነው፤ በተለይ በ1332 በሙስሊሙ የኢፋት ሱልጣኔት ገዥ በሰብረዲን ላይ የተካሄደው። ስሙን የሚሰጡት ጸሐፊዎች ንጉሡን ያከበሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ዘመቻውንም፣ የተጻፈበትን ዜና መዋዕልም ያሳነሱ ይመስለኛል።

ነገሩ ጅቡቲ ከተማ ላይ ሆኖ ላነበበው ይገለጣል። የወደብ ከተማዋ ዘይላዕ ከሎያዳ የድንበር ኬላ ወዲያ ቅርብ ናት። በዚያ ዘመን ደጋው ከባሕር የሚገናኘው በዋናነት በእሷ በኩል ነበር፤ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ባሪያው በኢፋት አድርጎ ወደ እሷ ይወርዳል፣ የባሕር ማዶው ሸቀጥም በዚያው ይወጣል። መንገዱን የያዘው የኢፋት ገዥ የሆነው የዋላስማ ቤተሰብ ነው። ዜና መዋዕሉ ራሱ የሚያነሳው የቆየ ቂምም ከመንገድ አይርቅም፦ ከግብፅ ሲመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ ትእይንታይን ከሰብረዲን በፊት ኢፋትን የገዛው ሐቀዲን ይዞ አሰረው፣ በኋላም ገደለው። ኢየሩሳሌም በዚህ ውስጥ የለችም። የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት በ1095 በክሌርሞን ሲሰበክ እንደ ታወጀው ዓይነት፣ ለዘማች ሥርየት የሚሰጥ አዋጅም የለም።

ዜና መዋዕሉን ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም፤ የቤተ ክህነት ሰው ለመሆኑ ግን ቋንቋው ይመሰክራል። በግእዝ የተጻፈ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ይጠቅሳል፣ ጠላትን ይረግማል። ታዋቂነቱን ያገኘው በዚህ ነው፤ እኔን የሚሰለቸኝም ይኸው ነው። የጸሐፊው ጥበብ ያለው በጠላት አፍ በሚያስቀምጠው ፉከራ ላይ ነው። ሰብረዲን አብያተ ክርስቲያናትን መስጊድ አደርጋለሁ ይላል፤ ይህን ማንም ሰባኪ ይጽፈው ነበር። ቀጥሎ ግን ፉከራው ወደ ጓዳና ወደ በረት ይወርዳል፦ ንጉሡን ግመል ጠባቂ ሊያደርገው፣ ንግሥት ጃን መንገሻን ወፍጮ ላይ ሊያስቀምጣት፣ በንጉሡ ከተማ በማርዓዴም ጫት ሊተክል ይዝታል፤ እስላሞች ይህን ተክል ይወዱታልና። ስለ ጫት ከተጻፉት ጥንታዊ ምስክርነቶች አንዱ የተገኘው በዚህ ዛቻ ውስጥ ነው።

ሰብረዲን ይህን በእርግጥ ብሎት እንደሆነ ማንም ሊምል አይችልም። ጸሐፊው ፈጥሮት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይነግረናል። የቆላውን ሰው ኑሮ ያውቃል፤ ግመሉን፣ ጫቱን፣ ደገኛ የትኛው ውርደት እንደሚያመው ጭምር። ባዕድን ያለ ስም እንደ አረማዊ ብቻ የሚያይ ጸሐፊ እዚህ ዝርዝር ላይ አይደርስም፤ ይህ የሚያውቁትን ጎረቤት መስደብ ነው። (ዛሬ ጫቱ የሚጓዘው በተቃራኒው ነው። ከአወዳይ አካባቢ ተጭኖ ቀትር ላይ ጅቡቲ ሲደርስ የከተማው ሥራ በእሱ ሰዓት ይቆረጣል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ይህን ቢያይ ዛቻውን እንደ ገና ይጽፈው ነበር።)

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ውጊያ በአብዛኛው ይደጋገማል። ንጉሡ ታሞ ድንኳን ውስጥ እያለ ጠላት የሚከበው ክፍል ግን ለብቻው ነው። አቅም ያጣ ሰውነት፣ አትውጣ የሚሉ ቤተሰቦች፣ እንደምንም መነሳት። እዚያ ላይ ጸሐፊው ስብከቱን ረስቶ ሰው ይጽፋል፤ በግእዝ ስድ ንባብ ይህን የሚያህል ገጽ ብዙ አላውቅም።

የመስቀል ጦርነት ራሱ ወደዚህ ባሕር ማተኮሩ አልቀረም። በ1182–83 የመስቀል ጦረኛው የሬኖ ደ ሻቲዮን ሰዎች ቀይ ባሕር ገብተው የአይዛብን ወደብ ዘርፈዋል። የመስቀል ጦረኞች ከተማ አካ በ1291 ከወደቀች በኋላ፣ ዐምደ ጽዮን በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ዶሚኒካዊው ጊዮም አዳም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በመርከብ ዘግቶ የግብፅን የህንድ ንግድ ማነቅ የሚል ዕቅድ ጽፏል። የመስቀል ጦርነት አቀንቃኙ ስለ ንግድ በግልጽ ሲጽፍ፣ በንግድ መንገድ ላይ የተዋጋውን ንጉሥ የመስቀል ጦረኛ የምናደርገው እኛ ነን።

የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተመው ሥራ የንግዱን ነገር በሚገባ አሳይቷል፤ ከእሱ በኋላ ወደ «መስቀል ጦርነት» ስያሜው መመለሳችን ስንፍና ነው። ንግድ ነበር ማለት ግን ገራም ነበር ማለት አይደለም። ዜና መዋዕሉ ቃጠሎውንና ምርኮውን በኩራት ይዘረዝራል፤ ያንን ዝርዝር ያለ ሐፍረት የሚያወድስ የዛሬ ጸሐፊ ከዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ያነሰ ሰበብ አለው።

ከድሉ በኋላ የተሰጠውን ሹመት ግን ብዙ ጊዜ አንጠቅሰውም። ሰብረዲን ሲሸነፍ ንጉሡ በቦታው የሾመው ወንድሙን ጀማለዲንን ነው። ጀማለዲንም ሲከዳ ሌላው ወንድም ነስረዲን ተተካ። ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ሁለቱም ዋላስማዎች ናቸው። በዚሁ ዘመን ደግሞ ካይሮ የሄደው የዘይላዕ ተወላጅ የሕግ ሊቅ ዐብዱላህ፣ በሐበሻ ያሉ ሙስሊሞች እንዳይበደሉ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጽፍ ማስደረጉን የዘመኑ ዐረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪ መዝግቧል። የግብፁ ሱልጣን አዘዘ፣ ፓትርያርኩ ጻፈ።