የሸክላው ክብርና የሠሪዋ ስም

የሸክላ ሥራ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ተሳስሮ የቆየ ጥበበ እድ ነው። ውሃ በእንስራ ይቀዳል፤ ጠላ በጋን ይጠመቃል፤ ወጥ በድስት ይሠራል፤ እንጀራ በምጣድ ይጋገራል፤ ቡና በጀበና ይፈላል። ይህ ሁሉ ዕቃ ለረጅም ዘመን ከገበያ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳም ወደ ገል ክምር ሲጓዝ ኖሯል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ይኸውም ከገበያ ወደ ሰብሳቢው መደርደሪያ የሚወስደው መንገድ ነው።

የዚህ መንገድ ጠራጊዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሙዚየሙ የሕዝቡን የዕለት መገልገያዎች ከንዋያተ ቅድሳቱና ከነገሥታቱ ዕቃ ጎን ሲያኖር፣ የጓዳ ዕቃ የጥናት ክብር አገኘ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ቅርሶችን እየገዛ ሙዚየሙን ሲረዳ ቆይቷል። ከእነዚህ ውጭ መምህራን፣ ሠዓሊያን፣ ነጋዴዎችና የውጭ አገር ሰዎች በየቤታቸው ጀበናና ገምቦ ይደረድራሉ፤ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያሳያል።

የሰብሳቢዎቹ ማኅበረሰብ ውለታ ሊካድ አይገባም። ፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ ሲያወርድና የብረት ድስት የሸክላውን ድስት ከምድጃ ሲያስነሳ፣ የብዙ አካባቢ ቅርጽ ሳይጠፋ የቀረው በእነርሱ ትጋት ጭምር ነው። የሠለጠነ ሰብሳቢ በትግራይና በኤርትራ የተለመደውን፣ በአንገቱ የሚቀዳውንና አፉ በጭረት የሚወተፈውን ጀበና፣ ጡት ካለው ከመሐል አገሩ ጀበና በአንድ እይታ ይለያል። ይህ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን የዕውቀቱ ግማሽ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ዕቃውን ከሥራው መነጠል ነው። አዲስ ሸክላ ከገበያ እንደ መጣ አያገለግልም፤ ይሟሻል። ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ ጀበናም ተሟሽቶ ነው ለአገልግሎት የሚበቃው። ስለዚህ የሸክላ ዕቃ የሚጠናቀቀው በሁለት ሴቶች እጅ ነው፤ በሠሪዋና በባለቤቲቱ። ሰብሳቢው ግን ጥላሸቱን ያጥባል፤ ውስጡን ይፈገፍጋል፤ ንጹሕ ቅርጽ ይሻል። አርኪዮሎጂስቱ ጆን አርተር በጋሞ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናት፣ መጠጥ የሚብላላበት ሸክላ የውስጥ ግድግዳው እየተበላ እንደሚሄድ፣ ይህም መብል የቤቱን የኑሮ ደረጃ ጭምር እንደሚያመለክት አሳይተዋል፤ መጠጥ ለመጥመቅ የሚተርፍ እህል ያለው ሁሉም ቤት አይደለምና። እንግዲህ በሰብሳቢው ዓይን ጉድፍ የሆነው ነገር የአንድ ቤተሰብ የኑሮ መዝገብ ነው። እርሱን ፍቆ መጣል የብራና ጽሑፍን አጥቦ ቆዳውን እንደ ማድነቅ ይቆጠራል።

ሁለተኛውና የባሰው ጉድለት የሠሪዋ አለመኖር ነው። ሰብሳቢዎች ሲገናኙ «ከየት ተገኘ? ዕድሜው ስንት ነው? በስንት ተገዛ?» ይባባላሉ። «ማን ሠራችው?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይሰማም። ይህ ዝምታ በሰብሳቢዎች አልተጀመረም። በእሳትና በአፈር የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው የሚለው አጉል እምነት ሸክላ ሠሪዋን ለዘመናት ከጎረቤት አርቋታል። በሲዳማ፣ በወላይታና በዳውሮ የሸክላ ሠሪ ወገኖች ከገበሬው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ሲከለከሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። እንስራው ከማጀት ሲገባ ሠሪዋ ከደጅ ትቀር ነበር። ዛሬ እንስራው ሳሎን ሲገባ ሠሪዋ ከመዝገብ ከቀረች፣ የተለወጠው የዕቃው ክብር ብቻ ነው ማለት ነው።

የዚህን ጉዳት መጠን ከወለቃ የተሻለ የሚያሳይ ስፍራ የለም። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በዚህ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች የጓዳ ዕቃ ይሠሩ ነበር። መንገደኛና ጎብኚ ሲበዛ ትናንሽ ምስሎችን መሥራት አዘወተሩ፤ አንበሳ፣ ቄስ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ከእጃቸው ወጡ። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ ፍላጎቱ የሚሠራውን ነገር ራሱን ለውጧል። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ፣ በአካባቢው የቀሩ ክርስቲያን ሴቶች ያንኑ ምስል እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። ሥራቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሙያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መተላለፉ የተለመደ ነው። ሆኖም በየመደርደሪያው «የወለቃ ሸክላ» ተብሎ የተቀመጠው ምስል የየትኛዋ ሴት፣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ስምና ቀን ከሌለው በምን ይለያል? የተሰደደችውም የቀረችውም ሠሪ በአንድ የመንደር ስም ተሸፍነዋል።

አንዳንዶች የሕዝብ ጥበብ ውበቱ ስም አልባነቱ ነው ብለው ይከራከራሉ። ይህ አስተሳሰብ ጠንካራ ጠበቃ ያገኘው በጃፓን ነው። ሶዬትሱ ያናጊ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሾጂ ሐማዳና ከካንጂሮ ካዋይ ጋር እ.ኤ.አ. በ1925 «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል ፈጠሩ፤ ትርጉሙም የሕዝብ ጥበበ እድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ የከፈቱት ሙዚየም ተራ የተባለውን የገበሬ ሳህንና ማሰሮ ለክብር አብቅቷል። ያናጊ ያልታወቀው ሠራተኛ ለዝና ሳይጨነቅ በመሥራቱ ውበት በእጁ እንደሚያድር ያስተምሩ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ያሻል። ሐማዳ በሸክላቸው ላይ ስማቸውን መቅረጽ ቢተዉም ሥራቸው በስማቸው ይፈለግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም መንግሥታቸው የብሔራዊ ቅርስ ባለሙያ አድርጎ ሰይሟቸዋል። የእርሳቸው ስም አልባነት ምርጫ ነበር። የኢትዮጵያዊቷ ሸክላ ሠሪ ስም አልባነት ግን በንቀት የተጫነባት ነው። ከጃፓኖቹ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ በሰብሳቢዎቹ ክበብ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው በመሥራችነትና በዳኝነት ተቀምጠው ነበር።

ሠሪዋ በዳኝነት ብትቀመጥ የውበት መመዘኛውም ይለወጣል። በአዲስ አበባ በቀጨኔ እንደሚሠሩት ያሉ ሴቶች ያለ መንኰራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ጭቃውን ያቆማሉ፤ በጠጠር ያለሰልሳሉ፤ በግልጽ እሳት ይተኩሳሉ። ንፋስ ቢነሳ ወይም ዕቃው በደንብ ባይደርቅ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ገል ይሆናል። ሠሪዋ የተሳካውን ካልተሳካው የምትለየው በጣቷ ቆርቁራ ድምፁን በማዳመጥ ነው። ሰብሳቢው ለአንገቱ ቅጥነትና ለቀለሙ ጥቁረት ሲደነቅ፣ እርሷ ስለ ውፍረቱ ልክነትና እሳትን ስለ መቻሉ ትናገራለች። ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ሳይጣመም መድረቅና መተኮስ ያለበት ምጣድ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ሆኖ ሳለ በስብስቦች ውስጥ ቦታ የሚያጣው፣ ዳኝነቱ በዓይን ብቻ በመሆኑ ነው።

ስለዚህ የሰብሳቢዎች ማኅበረሰብ ሊያደርገው የሚገባው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገዛ የሠሪዋ ስም፣ መንደሯ፣ ሙያውን ከማን እንደ ተማረች፣ አፈሩ ከየት እንደ ተቆፈረ፣ በምን እንደ ተተኰሰና ለምን እንዳገለገለ ከነቀኑ መመዝገብ አለበት። ንቀቱ ፈጽሞ ባልጠፋበት አካባቢ ስም ማውጣት ሊጎዳ ስለሚችል የሠሪዋ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሟ እንዲሰወር ከፈለገች ይሰወር፤ ቢያንስ ምርጫው የእርሷ ይሁን። የባህል ማዕከላትና ትምህርት ቤቶች ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ ሠሪዎቹን ሥራቸውን አብራሪዎች አድርገው ይጋብዙ፤ ለዕውቀታቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይክፈሉ።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይላል ተረቱ። ደህናውን ለሌላው ሸጣ የተሰበረው ለእርሷ እንደሚቀር ለመግለጽ የተነገረ ነው። ዕቃዋን በመስታወት ሣጥን አኑሮ ስሟን የሚተው ስብስብም ይህንኑ ተረት ይደግማል፤ ሙሉውን ለራሱ ወስዶ ለእርሷ ገሉን ይተውላታል። የስብስቡ ዋጋ ወደፊት የሚለካው በጀበናዎቹ ብዛት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጀበና ጎን በሚነበበው ስም ይሆናል።