ጆርጅ ላንስበሪና የኢትዮጵያ ጉዳይ፦ የአንድ ሕሊና ሂሳብ

የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዚያው ሳምንት የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በብራይተን ለዓመታዊ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ኢትዮጵያን ለመታደግ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ይጣል አይጣል እያለ ይሟገት ነበር። ሙግቱ ባበቃ በቀናት ውስጥ የፓርቲው መሪ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰውዬው የ76 ዓመቱ ጆርጅ ላንስበሪ ነው። የአገሩ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ምላሰ ስለቱን ኤ. ጄ. ፒ. ቴይለርን ጨምሮ፣ በፍቅር ያነሱታል። ድኻ ወዳድ፣ አማኝ ክርስቲያን፣ ለያዘው ነገር ወኅኒ የሚወርድ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ከኢትዮጵያ በኩል ሆኖ ለሚያነበው ሰው የላንስበሪ ታሪክ የሚጎረብጥ ቦታ አለው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱው ነው።

ላንስበሪን ላንስበሪ ያደረገችው በምሥራቅ ለንደን የምትገኘው ፖፕላር ናት። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የለንደን ክፍለ ከተማ ድኾቹን የሚረዳው ከራሱ ነዋሪዎች በሚሰበስበው የቤት ግብር ነበር። የወደብ ሠራተኞች ሠፈር የሆነችው ፖፕላር ሥራ አጧ ብዙ፣ ከፋይዋ ጥቂት ነው፤ በምዕራብ ለንደን ያሉት የባለጸጋ ሠፈሮች ግን ገንዘቡ እያላቸው የሚረዱት ድኻ እምብዛም አልነበራቸውም። በ1921 በላንስበሪ ፊታውራሪነት የፖፕላር ምክር ቤት ለለንደን አውራጃ አስተዳደር፣ ለፖሊስና ለመሳሰሉት የሚሰበስበውን ድርሻ አልሰበስብም አለ። ፍርድ ቤት ሲጠራቸው ተመራጮቹ የምክር ቤቱን በትረ ሥልጣን የሚይዘውን ሰው ከፊት አስቀድመው፣ ወደ ወኅኒም ልንወርድ እንችላለን የሚል ሰንደቅ አንግበው በእግራቸው ሄዱ። ሠላሳዎቹ ታሰሩ፤ ወንዶቹ ብሪክስተን፣ ሴቶቹ ሆሎዌይ። የምክር ቤቱ ስብሰባ እንኳ አልተቋረጠም፤ ሴቶቹ እስረኞች በመኪና እየመጡ በብሪክስተን ወኅኒ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ነበር። ላንስበሪም በክፍሉ መስኮት ብረት መካከል ሆኖ ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገር ነበር። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ መንግሥት ተሸነፈ፤ የድኾች መርጃ ወጪ በመላው ለንደን ላይ የሚደለደልበት ሕግ ወጣ። ከታሳሪዎቹ አንዷ የልጁ ሚስት ሚኒ ላንስበሪ ነበረች። ከእስር በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ገና በወጣትነቷ አረፈች። እንግዲህ ላንስበሪ ለሕሊናው ሲቆም ዕዳው የሚቆጠረው በራሱ ቤት ነበር።

ከዚያ በፊትም በ1912 ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲል የቦው እና ብሮምሊ የፓርላማ ወንበሩን በፈቃዱ ለቅቆ ሕዝቡ እንዲዳኘው እንደገና ተወዳድሮ ነበር። በ751 ድምፅ ተሸነፈና እስከ 1922 ድረስ ከፓርላማ ውጭ ቀረ። ፓርቲው አልመከረውም፣ እሱም አልጠየቀም። ለእኔ ይህ ከፖፕላሩ ድል ይልቅ የብራይተኑን ላንስበሪ አስቀድሞ የሚያሳይ ነው።

ለመሪነት የበቃው በፓርቲው ውድቀት ነው። በ1931 የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴይ ማክዶናልድ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ጥምር መንግሥት ሲያቋቁም ሌበር በምርጫው ወደ ሃምሳ ገደማ ወንበር ወረደ። ከቀድሞ የካቢኔ ሚኒስትሮች መካከል ከፓርቲው ጋር ጸንቶ ወንበሩንም ያዳነ ላንስበሪ ብቻ ነበር። (በሚኒስትርነቱ የሚታወስበት ሥራ በሃይድ ፓርክ ሐይቅ ዳር ለሕዝብ ያስከፈተው መዋኛ ነው፤ እንደ ቀልድ ያወሩለታል እንጂ ለምሥራቅ ለንደን ልጆች ቀልድ አልነበረም።) አዛውንቱ የፈራረሰውን ፓርቲ ይዞ አቆየ። ይሁን እንጂ ጦርነትን በማናቸውም መልኩ የማይቀበል ሰው፣ ሂትለርና ሙሶሊኒ በሚገኑበት ዘመን የተቃዋሚው ወገን መሪ ሆኖ ተገኘ።

ብራይተን ላይ የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ያቀረበው ውሳኔ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን እንዲያስቆም፣ ብሪታንያም በማዕቀቡ እንድትቆም የሚጠይቅ ነበር። ላንስበሪ ተነሥቶ ኃይልን በኃይል መመለስ ከእምነቱ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ፤ መሪነቱን እንዲለቅ ሊያስገድደው እንደሚችልም አልደበቀም። አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው። ቀጥሎ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ኧርነስት ቤቪን ወጣ። ቤቪን ስለ ሰላም ፍልስፍና አልተከራከረም። ያጠቃው የመሪውን ታማኝነት ነው፤ በየስብሰባው ከውሳኔው ጋር ተቀምጠህ ቆይተህ፣ ሕሊናህን ምን ላድርገው እያልክ በየደጁ ይዘህ ትዞራለህ ዓይነት ነበር ነገሩ። ጭካኔው እስከ ዛሬ ይወራል። በድምፅ ቆጠራው 2,168,000 ደገፉ፣ 102,000 ተቃወሙ። አሃዙ የሚያስደነግጠው አንድ የማኅበር መሪ የአባላቱን ድምፅ በጅምላ ስለሚሰጥ ነው፤ ቤቪን አንድ ካርድ ሲያነሳ መቶ ሺዎች አብረው ይነሣሉ።

የብሪታንያ ታሪክ አጻጻፍ ይህን በአብዛኛው የሁለት ሰዎች ግጥሚያ አድርጎ ይተርከዋል። በዚያ ትረካ ኢትዮጵያ መድረክ ናት፣ የክርክሩ ባለቤት አይደለችም። እኔ ግን የላንስበሪን ሐሳብ ራሱን እጠይቃለሁ። የጦርነት ሥሩ የጥሬ ዕቃና የገበያ ክፍፍል ስለሆነ ኃያላኑ በጉባኤ ተቀምጠው ያስተካክሉት ይል ነበር። የራሷ መሬት ለድርድር በሚቀርብባት አገር ጆሮ ይህ እንዴት እንደሚሰማ ያሰበበት አይመስልም። ፖፕላር ላይ ሕግ ሲጥስ ወኅኒ የሚወርደው እሱ ነበር፤ ብራይተን ላይ ኃይልን እምቢ ሲል ግን ቦምቡና የሰናፍጭ ጋዙ የሚወርደው በሌላ ሕዝብ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ሳያይ መቅረቱ ከቤቪን ዘለፋ ይልቅ የከበደ ትችት ነው።

ያም ሆኖ አሸናፊዎቹም የሚመኩበት የላቸውም። ላንስበሪ ለቀቀ፣ ክሌመንት አትሊ ተተካ፤ በኅዳሩ ምርጫ ግን የመንግሥታት ማኅበርን እንደግፋለን ብለው የተወዳደሩት ወግ አጥባቂዎች አሸነፉ። ማዕቀቡ ተጣለ፤ ነዳጅ አልተካተተበትም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። በዲሴምበር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ለመሸንሸን ሲስማማ ተጋለጠ። የጉባኤው ሁለት ሚሊዮን ድምፅ ለማይጨው አንድ ጥይት አልሆነም።

በላንስበሪ ሠፈር፣ በዚያው በቦው፣ የሴቶችን ትግል ከእሱ ጋር የጀመረች ሌላ ሰው ነበረች፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት። እሷም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦርነትን አጥብቃ የተቃወመች ነበረች። ሜይ 1936 ላይ አዲስ አበባ በወደቀችበት ሰሞን ግን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተች፤ ዛሬ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ተቀብራለች። ላንስበሪ በ1937 ሂትለርን፣ ጥቂት ወራት ቆይቶም ሮም ላይ ሙሶሊኒን በአካል አግኝቶ ስለ ሰላም ለመነ። ያ የሮም ጉዞ የሆነው የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ ካስፈጀ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው። ላንስበሪና ሲልቪያ ሁለቱም ከአንድ ሠፈር የተነሡ ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ልዩነታቸው ከተጠቂው ሰው ጋር መነጋገርን ወይስ ከአጥቂው ጋር መነጋገርን ማስቀደም ላይ ነው።