ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ፎቶግራፉስ?

‹‹ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል›› ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ እንጂ ስለ ወፍ አይደለም። ይሁንና ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ለወፍ ፎቶግራፍ ጥሩ የሂስ መለኪያ ይሆነናል። ወፍ አገር አላት፤ ድምጿ፣ ላባዋ፣ አበራረሯ፣ የምትፈራውና የምትደፍረው ሁሉ የተቀዳው ከምትኖርበት መሬት ነው። እንግዲህ አንድ የወፍ ፎቶግራፍ በፊታችን ሲቀርብ ‹‹ጠርቷል ወይ? ቀለሙ አምሯል ወይ?›› ብለን ብቻ ማለፍ የለብንም። ‹‹ወፏ ከነአገሯ አለች ወይ?›› ብለን መጠየቅም ይገባናል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አንሥቶ እስከ መንዝ ደጋና እስከ መርሐቤቴ ገደል ይዞት ይሄዳል።

ጥያቄውን ከሐይቅ ዳር የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሜራ ተሸክሞ ወፍ ፍለጋ የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ እጁን የሚያፍታታው በሞቃት የውኃ ዳርቻ ነው። የባሕር ጠረፍ ያለው አገር ሰው ወደ ጠረፉ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ወደ ዝዋይ፣ ወደ አብያታ፣ ወደ ሐዋሳ እንወርዳለን። የውኃ ወፍ ግዙፍ ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ብርሃኑም ከላይ ከፀሐይ፣ ከታች ከውኃው ይመጣለታል። በሐዋሳው አሞራ ገደል አባ ኮዳ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉለትን እየጠበቀ በሰው መሀል ይንጎራደዳል። ካሜራ የያዘ ሰው ተጎንብሶ መሳብ፣ ትንፋሹን ዋጥ ማድረግ አያስፈልገውም። በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ የአሞራውን መላጣ ራስና የተንጠለጠለ ከረጢት እንደ ልቡ ያነሣል።

ከዚህ ምቾት አንድ ያልተጻፈ ሕግ ተወለደ። ወፏ ሥዕሉን ትሙላ፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይደብዝዝ፤ ዐይኗ ላይ ብርሃን ትብለጭለጭ፤ ሰው አይግባ፤ አጥር፣ መረብ፣ ጀልባ አይታይ ይላል ሕጉ። በየቢሮው ግድግዳ የተሰቀሉትን የቀን መቁጠሪያዎችና በየመደብሩ የሚሸጡትን ፖስት ካርዶች ያየ ሰው ሕጉ ምን ያህል እንደተከበረ ያውቃል።

ሕጉ ውበት እንደሚሰጥ አልክድም። ነገር ግን ምን እንደሚነሣን ለማየት አብያታ ዳር መቆም ይበቃል። የአብያታ ፍላሚንጎዎች በአገራችን ከተነሡት የወፍ ፎቶግራፎች ሁሉ ሳይታወቁ አይቀሩም። ሮዝ ላባ፣ ቀጭን እግር፣ በውኃው ላይ የተገለበጠ ጥላ! ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ግን ውኃው እየሸሸ ትቶት የሄደው ነጭ የደረቀ ጭቃ አለ። ሐይቁን ይመግብ የነበረው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተቀዳ፣ አብያታ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ኮስምኗል። በጎረቤቱ በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆአቸውን ይሠሩ የነበሩት ፔሊካኖች ለምግብ የሚበርሩት ወደ አብያታ ነበር። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ገበታቸውን አጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፎቶግራፉ አልተለወጠም፤ አሁንም ያው ሮዝ ላባ፣ ያው ቀጭን እግር ነው። አንድ የሥነ ጥበብ ልማድ የሚያሳየው ነገር ዐይኑ ሥር እየሞተ እርሱ ሳይሰማው ከቀረ፣ ጉድለቱ የሐያሲ ፈሊጥ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃንን፣ ከዚያም ጣርማ በርን አልፈው ወደ መንዝ ሲያቀኑ የሞቃቱ ዳርቻ ሕግ አብሮ ይጓዛል። የሚያገኘው አገር ግን ለእርሱ የተሠራ አይደለም። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ጉም የሚጋልብበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጋገርበት ሣራማ ምድር ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ዓ.ም የቱሪዝም ድርጅቱን መሥርተው በመሩበት ዘመን ኢትዮጵያን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ብለው ለዓለም አስተዋወቋት። መፈክሩ እስከ 2008 ዓ.ም ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ያገለገለ፣ እጅግ የተዋጣለት መፈክር ነበር። ይሁን እንጂ በጓሳ ጉም ውስጥ በርኖሱን ደርቦ ለሚንቀጠቀጥ መንገደኛ ያ ፀሐይ የሌላ አገር ፀሐይ ይመስለዋል። ከዚህ ምድር የወጡ ፎቶግራፎች ግን ብዙዎቹ ፀሐይ የሞቃቸው ናቸው። ፎቶ አንሺው ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቆ የአገሩን እውነተኛ ፊት አሳልፎ፣ የማይገኘውን ፊት አንሥቶ ይመለሳል።

የዚህ ደጋ የወፍ አድናቂዎች ትልቁ ምኞት አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ጆን አሽ የተባሉ እንግሊዛዊ የአዕዋፍ ተመራማሪ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በአንኮበር አካባቢ አገኟት፤ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ አስተዋወቋት። ስሟም የአንኮበር ሴሪን ተባለ። በኋላ በጓሳም በሌሎች የሰሜን ደጋዎችም ታይታለች። ከኢትዮጵያ ውጭ ግን የትም የለችም። እንዲህ ስትወራ የሰማ ሰው ወርቅ የለበሰች ወፍ ይጠብቅ ይሆናል። እርሷ ግን ግራጫና ቡናማ ናት፤ ጀርባዋና ደረቷ የተዥጎረጎረ፣ ልክ እንደ መንዝ ባና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሜራ ከያዘ ወዳጄ ጋር በገደሉ አፋፍ ተቀምጠን ስንጠብቃት ዋልን። ወፎቹ በመንጋ ሆነው ከአፋፉ ላይ ዘር ይለቅማሉ፤ ደንገጥ ሲሉ በአንድነት ወደ ገደሉ ይወረወራሉ፤ ነፋሱ መልሶ ያወጣቸዋል። ወዳጄ ከብዙ ትዕግሥት በኋላ አንዷን ለይቶ አነሣት። መንገድ ሲያሳየን የዋለው ያገሬው ጎረምሳ ፎቶግራፉን በካሜራው መስተዋት ላይ ጎንበስ ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ።

‹‹ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት ለዚች ነው?››

‹‹አዎን፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝምኮ›› አልሁት።

‹‹እንግዲያማ ገደሏን ለምን ተዋችሁት? ያለ ገደሉ ድንቢጥ ናት እኮ!››

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ወፍ ፎቶግራፍ ከዚህ የበለጠ ሂስ አልሰማሁም። በወዳጄ ሥዕል ላይ ወፏ አለች፤ ከላባዋ አንድም አልጎደለም። የሌለው ያን የሚያህል ጥልቅ ባዶነት ሥሯ ተዘርግቶ እያለ ዘር መልቀሟ ነው። የጠፋው ድፍረቷ ነው። ድፍረቷ ሲጠፋ የቀረችው፣ ልጁ እንዳለው፣ በማንም ጓሮ የምትገኝ ድንቢጥ ናት።

ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ የቀረው ገደሉ ብቻም አይደለም። ጓሳ ጓሳ ሆኖ የቆየው ሰው ሳይደርስበት ቀርቶ ሳይሆን ሰው ስለ ጠበቀው ነው። የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባለው ሥርዓቱ ይህን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። የአቅኚ አባቶች ዘር የሆኑ ባለ መብቶች አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ እስኪከፈት ድረስ ከብት አይሰማራበትም፣ ሣር አይታጨድበትም፤ የደፈረ ይቀጣል። ሲከፈት የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያው ለገሳ ይውላል። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቀሮን መሠረት አናጋው። ያም ሆኖ ባላገሩ ጥበቃውን በኮሚቴ አዋቅሮ ቀጠለ፤ ሥፍራውም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሆነ። ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ፣ ያቺም ትንሽ ወፍ የሚኖሩት በዚህ ጥበቃ ጥላ ሥር ነው። ታዲያ ፎቶግራፉ የሚነግረን ምንድን ነው? ሰው የሌለበት ንጹሕ ምድረ በዳ! ጠባቂውን ከሥዕሉ አስወጥቶ ጥበቃውን ማድነቅ ይሏል ይህ ነው።

በመርሐቤቴ በኩል ደግሞ ሌላው ጉድለት ይገጥመናል። በሙከጡሪ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው መንገድ የጀማን ሸለቆ ያቋርጣል። ከገደሉ ግርጌ፣ ከማሽላው ዳር፣ ሲነጋ የምትጮኽ አንዲት ቆቅ አለች። በዐይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ፣ በደረቷ ላይ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ጥቁርና ነጭ ላባ አላት። መኖሪያዋም የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆዎች ናቸው። ሎርድ ሎቫትና ዌልድ ብለንደል በ1899 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ሲያስተዋውቋት የሀርዉድ ፍራንኮሊን አሏት። ዛሬም ከየፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈው ይኸው የባዕድ ሰው ስም ነው። የመርሐቤቴ ገበሬ ‹‹ቆቅ›› ብሎ የሚጠራት፣ በጩኸቷ ሰዓት የሚለይባት ወፍ በራሷ አገር ፎቶግራፍ ላይ ስደተኛ ሆነች።

አማርኛ ለወፍ ስም ድኻ ሆኖ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተዘረዘሩትን አዕዋፍ የተረጎሙ ሊቃውንት ጭልፊት፣ እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ሽመላ፣ ጉጉት እያሉ ዝርዝሩን በአገር ስም ሞልተውታል። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ላለበት አገር ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ትንንሾቹን ሁሉ ‹‹ወፍ›› ብለን እንደምናልፍም አልክድም። ግን እኮ ስም የሚወጣው ተጠርቶ ነው! ከሥዕሉ ሥር ‹‹ቆቅ፣ ጀማ ሸለቆ›› ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ፍርዴ እንዳይጠነክር ሌላውንም ወገን ላድምጥ። ከካሜራው በፊት ጠመንጃ ነበር። የቀድሞዎቹ አገር አሳሾች ወፏን የሚያውቋት ገድለው፣ ቆዳዋን ሞልተው፣ በሣጥን አሽገው ነው። ካሜራ ይህን አስቀርቷል፤ ለዚህ ብቻ ምስጋና ይገባዋል። የነጠለ ሥዕልም ጥቅም አለው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የሬድማን፣ የስቲቨንሰንና የፋንሾ የአፍሪካ ቀንድ አዕዋፍ መጽሐፍ ወፎቹን ከነጭ ወረቀት ላይ መደርደሩ ወፍን ከወፍ ለመለየት እንጂ አገርን ለማሳየት አይደለም። ከመዝገበ ቃላት ልቦለድ አይጠበቅም።

ደግሞም አገር የግድ በተራራ ብቻ አይገለጥም። አሜሪካዊው የወፍ ሰዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ በ1926 እና በ1927 (እ.ኤ.አ.) ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጉዞ ቡድን ጋር ኢትዮጵያን ዞሮ ወፎቿን በውኃ ቀለም ሣለ። ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተረፉ፤ ሙዚየሙም የተመረጡትን በ1930 (እ.ኤ.አ.) በአልበም አሳተማቸው። በእነዚያ ሥዕሎች ከወፉ ኋላ ብዙ ነገር የለም። ነገር ግን በእግሩ አያያዝ፣ በአንገቱ አዟዟር፣ በዐይኑ ውስጥ የምትኖርበትን ምድር ታያለህ። ፉዌርቴስ ከመሣሉ በፊት ረጅም ሰዓት ያየ ሰው ነውና። ስለዚህ የምጠይቀው ሰፊ ሥዕል አይደለም፤ ሰፊ ዕይታ ነው። ነፋሱ በላባዋ ላይ ይታይ፤ ጉሙ ይግባ፤ ገደሉ በአንድ ጥግ ይጥቆር፤ አንዳንዴም ገሳ የለበሰ ጠባቂ በሩቅ ይታይ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ሳይመለስ በቀረው ቁራ ምክንያት የላኩት ሲቀር ‹‹የቁራ መልእክተኛ›› እንላለን። በጓሳ ሰማይ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ሲያንዣብብ ይህ አነጋገር ትዝ ይለኛል። ከመንዝ የወጡት ፎቶግራፎች የቁራ መልእክተኞች ናቸው። በለንደንም በአዲስ አበባም ይታያሉ፤ ሣሩን ለጠበቀው ሰው ልጆች ግን በትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገደኛውን ከደጋው አርቆታል። ጎብኚ ሲርቅ ከሣሩና ከወፎቹ ጋር የሚቀረው ባላገሩ ነው። ካሜራው መንገድ አግኝቶ ሲመለስ ሌላ ሌንስ ይዞ እንዲመጣ አልጠይቅም። የቀደሙትን ሥዕሎች አሳትሞ፣ በአገር ስማቸው ጽፎ፣ ይዞ ይምጣ። ያ ‹‹ገደሏን ለምን ተዋችሁት?›› ያለን ጎረምሳም ተቀምጦ ይያቸው። ወፏ እንዳገሯ መጮኽ አለመጮ኿ን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።