ታሽጓል

በአዲስ አበባ ብዙ አንባቢ ካላቸው የአማርኛ ጽሑፎች አንዱ ከአንዲት ቃል አይበልጥም፤ «ታሽጓል»። በነጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ክብ ማኅተም ይመታበታል፣ የሱቅ በር ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው መቼም አመሉ አይለቀውም። እኔም እንዲህ ያለ በር ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ግሡ ነው። ማን አሸገው? በየትኛው አንቀጽ? እስከ መቼ? ግሡ ተገብሮ ነውና አድራጊውን አይናገርም።

የመሬት አጠቃቀምና የንግድ ፈቃድ ቢሮዎቻችን ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው። ጉዳዩ «ይጣራል»፣ ፋይሉ «ተመርቷል»፣ ጥያቄው «ታይቶ ይወሰናል»። የሚያጣራ፣ የሚመራ፣ የሚወስን ሰው ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። እሱን ተክቶ የቆመው «የሚመለከተው አካል» የሚባለው ነው። ይህ አካል ሁሉም ነገር ይመለከተዋል እየተባለ ምንም ነገር ሲመለከት ያልታየ ፍጡር ነው።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ለክፍል ተማሪ በተውኩት ነበር። ግን እንጀራ አለበት። አንዲት የሰፈሬ ሴት ከግቢዋ አጥር ጋር ተያይዞ በተሠራ፣ በሩ ወደ መንገድ በሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሁለት ልጆች ቀጥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ፈቃድ ነበራት፣ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ታድሳለች፣ ግብሯንም ትከፍላለች። በአሥረኛው ዓመት ለእድሳት ስትሄድ፣

«እናቴ፣ ካርታው ላይ የቦታው አገልግሎት መኖሪያ ነው የሚለው። አይታደስም» አሏት።

«እስከ ዛሬስ እንዴት ሲታደስ ኖረ ልጄ?»

«እስከ ዛሬ በስሕተት ነው።»

ፕላን ክፍል ሄደች። እዚያ ፕላኑን አዩላትና «አካባቢው ቅይጥ ነው፣ እኛ ጋ ችግር የለም» አሏት። እንዲያ ብላችሁ ጻፉልኝ ስትል፣ የምንጽፈው ንግድ ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቀን ነው ተባለች። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ ከመሬት ክፍል የአገልግሎት ለውጥ ይምጣ አለ። መሬት ክፍሉ የአገልግሎት ለውጥ የሚስተናገደው የፕላን ክፍሉ ስምምነት ሲቀርብ ነው አለ። ሦስቱም ክፍሎች ያሉት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ደረጃውን ወር ከአሥራ አምስት ቀን ወጣች ወረደች። በመጨረሻ ያለ ታደሰ ፈቃድ ስትሠራ ተገኘች ተባለና ያቺ ቃል በሯ ላይ ተለጠፈች።

ይህን በክፋት ብቻ መተርጎም ይቀላል። እኔ ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ሦስቱ ሰነዶች የሚናገሩት በሦስት የተለያየ ጊዜ ነው። ካርታው በኃላፊ ጊዜ ይናገራል፤ የተሰጠ ዕለት ቦታው ምን እንደነበረ ይመሰክራል። ፕላኑ በትንቢት ይናገራል፤ ከተማዋ ወደፊት ምን እንድትሆን እንደታሰበ ይገልጻል። ንግድ ፈቃዱ በአሁን ጊዜ ይናገራል፤ ሰውየው ዛሬ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ይናገራል። ሦስቱን የሚያስታርቅ ዳኛ ስለሌለ ዜጋው በሦስቱ ጊዜያት መካከል ይንጠለጠላል።

ታሪካችንም ለዚህ አግዟል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሰፈር ነው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ። ጠላ ቤቱ፣ ጉልቱ፣ የልብስ ሰፊው መኪና ከመኖሪያው ደጃፍ ርቆ አያውቅም። ከተማዋን በአገልግሎት ከፋፍሎ ለመሥራት ከተሞከረባቸው ጊዜያት አንዱ የጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ነበር። ያኔ ነጩንና ጥቁሩን ለመለያየት ሲባል የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት መጣ። በ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ወጡ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ወረቀት ትቶ አለፈ እንጂ የቀደመውን ወረቀት ከራሱ ጋር አላስማማም።

አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ደንቡ ይቅር እያልኩ አይደለም። ከትምህርት ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የብረታ ብረት ማሽን ሲጮህ፣ ሕፃናት ከተኙበት ፎቅ ሥር ጭፈራ ቤት ሲያድር፣ ፕላን የሚባል ነገር ለምን እንዳስፈለገ ይገባኛል። ፕላን ማለት በመጨረሻው የጎረቤት እንቅልፍ ነው። የሚያናድደው ግን ጭፈራ ቤቱ ክፍት ሆኖ ልብስ ሰፊዋ መታሸጓ ነው። ደንቡ የሚያገኘው አድራሻ ያለውን ሰው ነው። ፈቃድ ያወጣ ሰው ስሙ በመዝገብ፣ በሩ በካርታ ላይ ነውና ቀድሞ ይያዛል። ፈቃድ የሌለውን ማን ይፈልገው?

ሦስት ሰነድ ካልተስማማ ደግሞ ከተማው ሁሉ ጥፋተኛ ነው። ሁሉ ጥፋተኛ በሆነበት የሚገዛው የሹሙ ምሕረት ነው፤ ምሕረትም ዋጋ ይወጣለታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ተረታችን ይህችን ቀዳዳ አሳምሮ ያውቃታል። በሌላ በኩል የማይበላውም ሠራተኛ አይፈርምም። የፈረመ ሰው ነገ ይጠየቃል፤ «ነገ ተመለሱ» ያለ ግን ተጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ቀናው ሰው በፍርሃት፣ ጠማማው በጥቅም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት በር ይዘጋሉ።

ልብስ ሰፊዋ አሁን ጓዳ ገብታ፣ መስኮት ዘግታ ትሰፋለች አሉ። ከሁለቱ ልጆች አንደኛዋን አሰናብታለች። ፈቃድ የላትም፣ ግብርም አትከፍልም። መንግሥት ለዘጠኝ ዓመት የነበረውን ግብር ከፋይ በገዛ እጁ አጣ። ጎረቤትም የተረፈለት እንቅልፍ የለም፤ ቀድሞም መኪናዋ አልቀሰቀሰውም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ጥሩ ነው፤ ደረጃ መውጣት መውረድን ይቀንሳል። ግን መስኮቶችን በአንድ አዳራሽ መደርደር ወረቀቶችን ማስማማት አይደለም። እንጀራው አንድ መሶብ ላይ ቢቀርብም ወጡን ያልተስማሙ ሦስት ወጥ ቤቶች ከሠሩት ያው ነው።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት «እዚህ ቦታ ይህን መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አንድ መልስ በጽሑፍ ይሰጠው፤ መልሱም ሦስቱንም ክፍሎች ይሰር። ቢሮው ራሱ ሰጥቶ ራሱ ሲያድስ የኖረውን ፈቃድ «በስሕተት ነበር» ካለ፣ የስሕተቱን ዕዳ ቢሮው ይሸከም፤ ባለፈቃዱ ቦታ እስኪለውጥ በቂ ጊዜ ይሰጠው። በር የሚታሸግ ከሆነም ወረቀቱ ላይ የወሰነው ሹም ስም፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታና ቀን ይጻፍ። ዜጋ መከራከር የሚችለው ስም ካለው ሰው ጋር ነው።