«ከኋላህ!»

ልጆች ሳለን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ አክተሩ ባዶ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ሲራመድ ሁላችንም በአንድ አፍ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያልን እንጮህ ነበር። እንደማይሰማን እናውቃለን፤ ግን ዝም ማለት አይሆንልንም። ያ ጩኸት ለፊልሙ ሠሪ የተከፈለ ምስጋና እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሩ በየት በኩል እንዳለ፣ ጠላቱ በየት ዞሮ እንደመጣ፣ አክተሩ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ አስቀድሞ ባያሳየን ኖሮ ምን ብለን እንጮሃለን?

ሙያዬ ሲኒማ አይደለም። የሳምንቱን ሥራ ጨርሼ ቅዳሜ ማታ ፊልም የማይ ሰው ነኝ፤ የማየውም አብዛኛውን ጊዜ አክሽንና ልብ አንጠልጣይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ፊልሞች ብዙዎቹ ያንን ጩኸት ነጥቀውኛል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ እጅ ይታያል፣ አንድ ፊት ያልፋል፣ መስታወት ይሰበራል፤ ማን ማንን እንደመታ የሚነግረኝ ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር በግልጽ የሚያሳየኝ ፊልም ሳገኝ ደጋግሜ አየዋለሁ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት»ን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሄሊኮፕተሩና ከአውሮፕላን ስለሚዘለለው ዝላይ ነው። እኔ የማልጠግበው ግን ፓሪስ ላይ፣ አንድ ትልቅ ግብዣ በሚካሄድበት አዳራሽ የወንዶች ሽንት ቤት ውስጥ ያለውን ድብድብ ነው። ቶም ክሩዝና ሄንሪ ካቪል አንድ ሰውዬ ሊይዙ ይገባሉ። ሰውዬውን የሚጫወተው ሊያንግ ያንግ ነው። ሁለት ለአንድ ናቸው፤ ሰውዬው ግን ሁለቱንም ያንከባልላቸዋል።

ክፍሉ ብርሃን የሞላበት ነጭ ነው፤ ጥቁር ልብስ የለበሱት ሰዎች ነጭ ወረቀት ላይ እንደወደቀ ቀለም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ ሙዚቃውን አጥፍቶታል። የሚሰማው ትንፋሽ፣ የጫማ ሲጥታ፣ የሚረግፍ መስታወት ነው። ካሜራው ራቅ ብሎ ሰዎቹን ከራስ እስከ ጉልበት ይይዛቸዋል፤ ቡጢው የተነሳበትና ያረፈበት ቦታ በአንድ ሾት ውስጥ ነው። በመሃል ካቪል ኮቱን ያወልቃል፤ ከዚያ ጠመንጃ እንደሚያቀባብል ሰው ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ፊት ነቅነቅ ያደርግና ወደ ድብድቡ ይመለሳል። ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ይህ ሰው ጉልበቱን የሚወድ፣ መማታት የሚያስደስተው፣ ከአጋሩ የተለየ ፍጥረት መሆኑን አንድም ቃል ሳይነገረን አወቅን። ኋላ በታሪኩ ውስጥ የሚመጣው ነገር ሁሉ በዚያች የክንድ ንቅናቄ ውስጥ አለ።

ክሩዝ ደግሞ ይደክማል። እየተመታ በሄደ ቁጥር አነሳሱ ይዘገያል፣ ፊቱ ላይ «አሁንስ አልቻልኩም» የሚል ነገር ይነበባል። ድብድብን ከጭፈራ የሚለየው ይህ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ቡጢ በአሥረኛው ቡጢ ላይ ሲታይ።

ይህንን ግልጽነት ዳር ድረስ የወሰደው ግን በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» ነው። ጊዜው ትንሽ ራቅ ቢልም ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ የምለካው በእሱ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር አውስትራሊያዊ ነው፤ ፊልም ከመሥራቱ በፊት ሐኪም ነበር። ፊልሙን በአብዛኛው የቀረጸው ናሚቢያ በረሃ ላይ ነው። ከዚያ የመጣውን 480 ሰዓት ያህል ቀረጻ የሁለት ሰዓት ፊልም ያደረገችው ኤዲተሯ ባለቤቱ ማርጋሬት ሲክሰል ናት። ከዚያ በፊት አክሽን ፊልም ኤዲት አድርጋ አታውቅም። ሚለር የፈለጋትም ፊልሙ ሌሎቹን እንዳይመስልበት ነው። አስቡት፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ፊልም 240 ሰዓት ማየት፣ መምረጥ፣ መጣል።

ፊልሙ ውስጥ 2,700 ያህል ካት አለ። ሲካፈል አንዱ ሾት በአማካይ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የተቆረጠ ሌላ ፊልም ራስ ያዞራል፤ ይህኛው ለምን እንደማያዞር ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ሚለር ካሜራማኖቹን ዋናውን ነገር ሁልጊዜ የምስሉ መሐል ላይ እንዲይዙ አዟቸዋል። አፍንጫው መሐል፣ መሪው መሐል፣ የጠመንጃው አፈሙዝ መሐል። ሾቱ ሲቀየር የተመልካች ዓይን የሚፈልገው ነገር ካቆመበት ቦታ ላይ ይጠብቀዋል። ዓይን ለመፈለግ አይባክንም፤ የተረፈውን ጊዜ ለማየት ይጠቀምበታል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ረጃጅም እንጨት ላይ የተንጠለጠሉት ሰዎች ከመኪና መኪና እየተወዛወዙ ሲያልፉ፣ አሸዋው ሲነሳ፣ ቻርሊዝ ቴሮን የምትነዳው ግዙፍ የነዳጅ መኪና ከመሐል ሲገሰግስ፣ አንድም ጊዜ ማን ከማን ፊት እንዳለ አልጠፋኝም። ሲክሰል ለዚህ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች። ሲያንሳት ነው።

«ጆን ዊክ፦ ምዕራፍ 4» (2023) ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ረዝሟል፣ ሰውም እንደ ቅጠል ይረግፍበታል። ሆኖም ፓሪስ ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉት 222 ደረጃዎች ላይ የተሠራው ትዕይንት ሁሉን ያስረሳኛል። ኪያኑ ሪቭስ ፀሐይ ሳትወጣ ላይ መድረስ አለበት። ደረጃ በደረጃ እየተታኮሰ ይወጣል፤ ሊደርስ ሲል በእርግጫ ይመታና እየተንከባለለ፣ እየተንከባለለ፣ እስከ ታች ድረስ ይመለሳል። ካሜራው አያባብለውም፤ ውድቀቱን እስኪያልቅ ያሳየናል። የወጣውን ደረጃ አብረን ስለወጣን ሲወርድ የእኛም ጉልበት ነው አብሮ የሚወርደው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ በ«ማትሪክስ» ላይ የዚሁ የሪቭስ ስታንት (አደገኛውን እንቅስቃሴ በእሱ ፈንታ የሚሠራ ሰው) ነበር፤ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ ገላው ያውቀዋል።

ልብ አንጠልጣዩስ? ለእኔ ከቅርብ ዓመታቱ ሁሉ የሚበልጠው የጀረሚ ሶልኒየር «ሬበል ሪጅ» (2024) ነው። ፊልሙ የሚነሳው ከአንድ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በብዙ ቦታ ፖሊስ ገንዘብን ከወንጀል ጋር ግንኙነት አለው ብሎ ከጠረጠረ ባለቤቱን ሳያስፈርድበት ሊወርሰው ይችላል። አሮን ፒዬር የሚጫወተው የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ከፊሉ የአጎቱን ልጅ በዋስ ለማስፈታት የሚውል 36,000 ዶላር ይዞ በሳይክል እየሄደ ነው። ጆሮው ላይ ሙዚቃ ስላለ ከኋላው የመጣውን የፖሊስ መኪና አይሰማም። ገጭተው ይጥሉታል፣ ገንዘቡንም ይወስዳሉ።

ከዚያ ፒዬር ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከአዛዡ ከዶን ጆንሰን ጋር ፊት ለፊት የሚቆምባት ትዕይንት ትመጣለች። ውጭ ሁለቱ ሰዎች ቀስ ብለው፣ በትሕትና ጭምር ይነጋገራሉ። ውስጥ አንዲት ፖሊስ ኮምፒውተር ላይ የሰውየውን ማንነት እያነበበች ነው፤ ወታደር ብቻ አይደለም፣ ሌሎች ወታደሮችን የእጅ በእጅ ውጊያ ያሠለጠነ ሰው ነው። እሷ አወቀች፣ እኛ አወቅን፤ አዛዡ አላወቀም፣ መናቁንም ቀጥሏል። ጥይት አልተተኮሰም፣ እጅ አልተነሳም። ሶፋዬ ላይ ጫፍ ድረስ መጥቼ ተቀምጫለሁ። በሆዴ «ተመለስ! ግባ!» እያልኩ የምጮኸው ለክፉው ሰው መሆኑን ሳስተውል ሣቄ መጣ። ፒዬር ደግሞ ድምፁን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ አላደረገም። ዓይኑ ብቻ ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው፣ ከሽጉጥ ወደ ሽጉጥ ይሄዳል፤ የሚሆነውን ሁሉ ቀድሞ በዓይኑ ሠርቶ ጨርሷል።

ስለ መውደቅና መመታት ካነሳሁ አይቀር፣ ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ በመጨረሻ ለስታንት ሥራ ሽልማት ለመስጠት ወስኗል፤ የመጀመሪያው በ2028 ለ2027 ፊልሞች ይሰጣል። ወግ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ቢሆንም። ለስታንት ሠሪዎቹ እስካሁን የደረሳቸው ስማቸው በትንንሽ ፊደል መጨረሻ ላይ ሲያልፍ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ኮቱን እየለበሰ ወደ በሩ ያመራል። እኔ አሁን አልነሳም፤ እስኪያልቅ አነባለሁ።

ወደ «ፎልአውት» ልመለስና አንዲት ሾት ላሳያችሁ። በ2017 ለንደን ላይ ሲቀረጽ ክሩዝ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ወደ ሌላው ይዘላል። የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ እግሩ ሲመታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ቀረጻው ለሳምንታት ተቋረጠ። ያቺ ሾት ግን ፊልሙ ውስጥ አለች። ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቷት፤ እግሩ ግድግዳው ላይ ሲታጠፍ ይታያል። እጁን ስቦ ይወጣል፣ ይነሳል፣ ያነክሳል፣ እያነከሰ ከካሜራው ፊት ሮጦ ያልፋል።