ስሙንማ ስልኩም ይነግረናል

ተማሪዎች ቅጠሉን በስልክ ፎቶ ያነሳሉ፤ ፕላንትኔትን ወይም ሲክን የመሰለው መተግበሪያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አመሳስሎ ስሙን ይነግራቸዋል። እሰየው ነው! ክፍል ውስጥ ታጉሮ ከመሸምደድ ሜዳ ወጥቶ ቅጠል መዳሰስ ይሻላል። እኔን ቅር የሚለኝ ትምህርቱ ስሙ ላይ ሲያበቃ ነው።

እንዶድን እንውሰድ። ስልኩ «ፋይቶላካ ዶዴካንድራ» ይላል፤ ልጁ ይጽፋል፤ ማርኩን ይቀበላል፤ አለቀ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት ከዚያ ተነስተው ነው። የእንዶድን ስምማ አገር ያውቀው ነበር። ቁም ነገሩ ቆም ብሎ ማየቱና «ለምን?» ማለቱ ላይ ነው።

ደግሞስ ስልኩ የሚሰጠው ግምት አይደለም እንዴ? ፎቶው ከደበዘዘ ወይም ተክሉ ገና ካላበበ ሊስት ይችላል። አስተናግርን የመሰለ መርዘኛ ደጃፋችን በሚበቅልበት አገር «ስልኩ ብሏል» ብሎ ቅጠል መቅመስ ቀልድ አይደለም።

እናም መምህራን ሆይ፣ ልጁ ስልኩን ከጠየቀ በኋላ አያቱንም ይጠይቅ። በሰፈሩ ምን እንደሚባል፣ ለምን እንደሚውል፣ ምኑ እንደሚጎዳ ጽፎ ይምጣ። ስልኩና አያቱ ካልተስማሙ ደግሞ እውነተኛው ትምህርት ያኔ ይጀመራል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ስልኩ ባትሪው ቢያልቅ ቻርጅ ይደረጋል፤ አያት ግን አንዴ ከሄዱ ሄዱ ነው።