ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ስለ ላፕቶፕ መቅጠን

በዚህ ዕትም የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ድራማ ሳይሆን ዕቃ ነው። ቲንክፓድ የሚባለውን ጥቁር ላፕቶፕ፣ ካርቱም ውስጥ ኮምፒውተር የተማራችሁ ብዙዎቻችሁ በኪቦርዱ መሃል ባለችው ቀይ ነጥብ ታውቁታላችሁ። “ደብተር ባልሞላበት ቦታ ስለ ላፕቶፕ ቅርጽ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። እኛ ግን አይደለም እንላለን። አንድ ላፕቶፕ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠገን ነው ወይስ የሚጣል የሚለው ጥያቄ የትምህርት ጥያቄ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እናንሳ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቲንክፓድን በ1992 ያወጣው አይቢኤም ነው። መልኩን የነደፈው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው ከጃፓኖች የምሳ ሳጥን ነበር። ሲዘጋ ተራ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ውስጡ ያለው የሚታወቀው ሲከፈት ነው። በ2005 አይቢኤም የኮምፒውተር ክፍሉን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጠ። ያኔ “በቃ፣ አበቃለት” ያለው ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን ወዳጆቹ እስከ ዛሬ የሚያነሷቸው ቲ420 እና ኤክስ220 የወጡት በ2011፣ በሌኖቮ ዘመን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በባለቤቱ አገር ማሳበብ አይቻልም። ችግሩ የመጣው በኋላ፣ ላፕቶፕ ሁሉ ለመቅጠን መሽቀዳደም ሲጀምር ነው።

ካርቱም ውስጥ ይህ ዕቃ የተወደደው በመልኩ አልነበረም። ከ1997 እስከ 2017 የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በሱዳን ላይ ስለነበረ፣ ዋስትና ያለው አዲስ ላፕቶፕ ከኩባንያው ተወካይ መግዛት ከባድ ነበር። ለእኛ አቅም የሚቀርበው፣ በውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ ጨርሶ በዱባይ በኩል የሚመጣው ነው። ታዲያ ካርቱምን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሃቡብ ሲነሳ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ ከህረባም ሳይታሰብ ይሄዳል። የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ በማንኛውም አገር ይደክማል፤ በሙቀት አገር ቶሎ ይደክማል።

የቀድሞው ቲንክፓድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ያለ ካቻቪቴ በጣት ተገፍቶ ይወጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይገባል። ሃርድ ዲስኩ አንድ ብሎን ተፈትቶ ይመዘዛል። ኪቦርዱ ሲበላሽ ብቻውን ይለወጣል። አፈታቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው የጥገና መጽሐፍም በነጻ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ ከሦስት የሞቱ ላፕቶፖች አንድ የሚሠራ ማውጣት ይቻላል። ለተማሪ ደግሞ ያ ሥራ ራሱ ትምህርት ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? በ2012 ሰባት ረድፍ የነበረው ኪቦርድ ወደ ስድስት ወረደ፣ ቁልፎቹም ጠፍጣፋ ሆኑ። በ2013 ከቀይዋ ነጥብ ጋር የሚሠሩት የማውዝ ቁልፎች ጠፍተው በጣት ከሚነካው ሰሌዳ ጋር አንድ ሆኑ። በ2018 የወጣው ቲ480 በእጅ የሚወጣ ባትሪ ነበረው፤ በ2019 የተከተለው ቲ490 ግን ባትሪውን ወደ ሆዱ አስገባ፣ ከራሙም ከፊሉ ከዋናው ቦርድ ጋር ተበየደ። የተበየደ ራም እንደ ድሮው ነቅሎ በትልቅ መለወጥ አይቻልም። ይህ የቲንክፓድ ብቻ አይደለም። አፕል በ2012 ባወጣው ማክቡክ ፕሮ ራሙን በይዶ ባትሪውን በማጣበቂያ ለጥፎት ነበር፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ወደዚያው ሄደዋል።

ለፍርድ እንዳናዳላ የአዲሱንም ጎን እንይ። ላፕቶፑ ቀለለ፣ በአንድ ሙሌት ብዙ ሰዓት ይሠራል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሌለው ንቅናቄ አያስፈራውም። ለሚያመላልሰው መምህር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሮጌውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ እነ ቲ420 ደግሞ በይፋ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም፣ ስለዚህ በሊኑክስ መሥራት መልመድ አለብን። ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለው ቲ480 ግን ይቀበላል፤ ባትሪውም በእጅ ይወጣል። ለእንደኛ ዓይነቱ ክፍል ጥሩው መሃከለኛ እሱ ነው እንላለን።

ቢሆንም ከባዱ ጥያቄ አልተመለሰም። ላፕቶፕ የሚነደፈው ለማን ነው? አዲሱን ዕቃ የሚገዛው መሥሪያ ቤት ለጥቂት ዓመታት ተጠቅሞበት ያወጣዋል፤ ባትሪው ሲደክም እሱ ዘንድ የለም። ችግሩ የሚጠብቀው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባለቤት ነው። እኛ ለኩባንያው አንድም ደረሰኝ ያልቆረጥን ሰዎች ነን፤ ግን አሥር ዓመት ያንኑ ዕቃ ስንጠግንና ለሰው ስናስተምርበት የኖርን ደንበኞች አይደለንም እንዴ? አንዴ ስሙ የማንጠራው ሌላ ኩባንያ የሠራው ቀጭን ላፕቶፕ በእርዳታ ደርሶን ነበር። ባትሪው አብጦ ሰሌዳውን ወደ ላይ ገፋው። ተለጥፎ ስለነበር ጠጋኙ ሊነካው ፈራ፤ የአዲሱ ባትሪ ዋጋም ከአቅማችን በላይ ሆነ። የተማሪዎቹ ሥራ በውስጡ እንዳለ መደርደሪያ ላይ ቀረ። አሮጌዎቹ ግን ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ እስኪፈነዳ ድረስ ያስተምሩ ነበር።

የደንበኛ ቅሬታ ከንቱ እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ያሳያል። የማውዝ ቁልፎቹ ጩኸት ስለበዛ በ2015 ተመልሰዋል። በ2017 ለ25ኛው ዓመት መታሰቢያ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ ያለው ቲንክፓድ ለጥቂት ጊዜ ወጥቷል። በ2024 የወጣው ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ራሙ እንደገና የሚነቀል ሆኗል፣ ለጥገና ቀላልነቱም ተመስግኗል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2027 ጀምሮ የዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ዛሬ አውሮፓ የሚገዛው ነገ ወደ እኛ ስለሚመጣ፣ ሕጉ እኛንም ይነካል።

እስከዚያው ግን ዕቃ ስንገዛም ሆነ ለጋሽ “ምን ትፈልጋላችሁ?” ሲለን አራት ነገር እንጠይቅ። ባትሪው በእጅ ወይም ተራ ብሎን በመፍታት ይወጣል ወይ? ራሙ ይነቀላል ወይስ ተበይዷል? የጥገና መጽሐፉ በነጻ ይገኛል ወይ? መለዋወጫው በአቅራቢያችን ገበያ አለ ወይ? ለአራቱም መልስ ያለው ወፍራም ላፕቶፕ፣ መልስ ከሌለው ቀጭን ይሻለናል። ለጋሽን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የማይጠገን ዕቃ ተቀብሎ በዓመቱ መጣል ነው የሚከፋው። መምህራንም ቢሆን ከኮምፒውተር ትምህርት ሰዓት ላይ ጥቂቱን ለካቻቪቴ ብናውለው፣ ተማሪው መጻፍ ብቻ ሳይሆን የሚጽፍበትን ማዳንም ይማራል።